ማንም ያልጠየቀኝ ሰኞ

ስሜ ስለናት ነው። ያደግሁት ደምበጫ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ ሰው ቤት ተቀጠርሁ፣ አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድሁ፣ ከባሌ ጋር ተለያየሁ። ከዚያ የሕፃናት አያያዝ ሥልጠና ወስጄ አንድ የግል የሕፃናት ማቆያ ውስጥ በሞግዚትነት ገባሁ። የምነግራችሁ እዚያ ሳለሁ የደረሰብኝን ነው። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ንዴቱ እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

ሥራዬን እወደው ነበር። የማርቆስን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በፎጣና በጋቢ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ይመጣሉ። አንዱን ከእናቱ አንገት አላቅቄ እቀበላለሁ፣ የሌላውን ጫማ አስራለሁ፣ ሲናከሱ እገላግላለሁ፣ ሲያስመልሳቸው አጥባለሁ። የማቆያው ባለቤት እትዬ ሰብለ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አዲስ ወላጅ በመጣ ቁጥር ትከሻዬን ይዘው «ይቺ ባትኖር ይህ ቤት አይቆምም» ይሉ ነበር። እኔም አምኛቸው ነበር።

ከምይዛቸው ልጆች አንዱ ናቲ ነው። ስሜን አሟልቶ መጥራት ስለማይችል «ናት» ብቻ ይለኛል። እናቱ ገነት ባንክ ትሠራለች። አባቱ ደሳለኝ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ልጁን ሁልጊዜ የምታመጣው እናቱ ነበረች። ያን ሰኞ ግን አባቱ አቅፎት መጣ።

«እናቱ ደህና አይደሉም እንዴ?» አልሁት።

«ደህና ናት። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሰንብታ ትናንት ማታ ነው የገባችው፤ ዛሬም በጊዜ ቢሮ ሄደች። እኔና ናቲ አገር ቤት ነበርን» አለኝ።

ልጁን ስቀበለው አንገቱ ሞቅ ይላል። ፊቱም ገርጥቷል።

«ያመዋል እንዴ?»

«ጉንፋን ነው። ሳሉ አልለቅ ብሎት ነው፤ መንገዱም አድክሞታል» ብሎ ሰዓቱን እያየ ወጣ።

ናቲ ያን ቀን አልተጫወተም። ጭኔ ላይ ተኝቶ ለሃጩን ያዝረከርካል። ውኃ ብሰጠው እንቢ አለ። እትዬ ሰብለ ዘንድ ሄጄ «ይህ ልጅ ደስ አላለኝም» አልኋቸው። «እስቲ ምሳውን ይብላና እናየዋለን» አሉኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይዤ ተቀመጥሁ። አስካል የምትባል ባልደረባዬ በሩ አጠገብ ሌሎቹን ታስተኛለች። ማንኪያውን ሳስጠጋለት ናቲ ፊቱን አዞረ። አባበልሁት። እንደምንም አፉን ከፈተና ትንሽ ተቀበለኝ፤ ወዲያው ጮኸ። ልጅ ሲያኮርፍ የሚጮኸውን ጩኸት አውቀዋለሁ፣ ይህ ሌላ ነው። አጥሚቱን ሲተፋው ደም አብሮ ወጣ። ደረቱ ላይ ያሰርሁለት ጨርቅ ቀላ።

ደንግጬ ብድግ አደረግሁት። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁና «እትዬ ሰብለ፣ እናቱን ይጥሩ፤ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት» ብዬ ተጣራሁ። እናቱን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ማንም አላነሣውም።

ገነት በባጃጅ መጣች። ስትገባ ልጁ ደረቴ ላይ ተለጥፎ እየተንሰቀሰቀ ነው። ደሙ ሸሚዙ ላይ አለ፤ የእኔም ሽርጥ ላይ አለ። ከእጄ መነጨቀችው።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምንም አላደረግሁትም። ሳጎርሰው ደም ተፋ። አፉ ውስጥ የሆነ ነገር...»

«ስታጎርሺው?» አለችና ወደ አስካል ዞረች። «አይተሻል? ምን ስታደርገው ነበር?»

አስካል መሬት መሬት እያየች «እየመገበችው ነበር፤ ከዚያ ጮኸ» አለች። ያየችውን ነው የተናገረችው፤ አልዋሸችም። ግን «እንቢ ሲላት ፊቷ አልተለወጠም፣ አልተቆጣችውም» ማለት ትችል ነበር። ያንንም አይታለች። አላለችም።

ደውላለት ኖሮ አባቱም ከኋላ ደረሰ። ገነት ልጁን ወደ እሱ አዙራ «ጠዋት እንዲህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አሁን ሳስበው ያችን ቅጽበት ነው የማልረሳት። ደሳለኝ ደሙን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ፦

«ደህና ልጅ ነው ያስረከብኋት» አለ።

ግማሽ ቀን የሚውሉ ልጆች መውጫ ሰዓት ስለነበር ወላጆች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። አንደኛዋ «በማንኪያ ወግታው ነው» አለች። ሌላዋ «አስገድዳ ስታጎርሰው ነዋ» አለች። አንድ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ደም ከነካው ሽርጤ ጋር አነሣኝ። ፊቴን በእጄ ሸፈንሁ፤ እጄን ማንሣቴ ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጠረ።

«እባካችሁ ልጁን መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አልሁ።

ደሳለኝ ነው የመለሰልኝ። «አንቺ ደግሞ መካሪ ሆንሽ? ልጁ ቤቱ ሄዶ ይረፍ። አንቺን ሕግ ይይሽ።»

ወደ እትዬ ሰብለ ዞርሁ። «እርስዎ ያውቁኛል። ምን ሆነ ብለው እንኳ አይጠይቁኝም?»

«ምን እጠይቅሻለሁ፣ ስለናት? ደሙ ይታያል» አሉኝ። ከዚያ ለወላጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ሠራተኛችን አይደለችም። ለፖሊስ እኔ ራሴ እደውላለሁ» አሉ። ትከሻዬን ይዘው ሲያሞግሱኝ በነበረበት ድምፅ ነው ያሉት። ሽርጤን እዚያው ሰው ፊት አስወለቁኝ።

በፖሊስ መኪና ስወጣ አንዲት ሴት ልጇን ከእኔ እይታ ለመከለል ወደ ቀሚሷ አስጠጋችው። ያን ልጅ ጠዋት አፍንጫውን የጠረግሁት እኔ ነበርሁ።

ጣቢያ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ወጣት ፖሊስ «እመኚና ይቅለልሽ» አለኝ። ምኑን ነው የማምነው? ያላደረግሁትን? ደጋግሞ እንዲያ ሲለኝ ድካሙ ራሱ ሊያሳምነኝ ደረሰ። ምናልባት ማንኪያው ነክቶት ይሆን? ምናልባት ሳላውቅ ገፋሁት ይሆን? ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀመርሁ። ሰው ሲከበብ የራሱን እጅ እንኳ አያምንም።

ከዚያ መርማሪዋ መጣች፤ ሳጅን ዘውዲቱ ትባላለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ስለናት፣ ቃልሽን እቀበላለሁ። መናገር ካልፈለግሽ ግን አትገደጂም፤ የምትናገሪው ማስረጃ ይሆናል። አብሮሽ እንዲሆን የምትፈልጊው ሰው አለ?»

ያን ቀን ጥያቄ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አለቀስሁ። ወንድሜ ይስማው እንዲጠራልኝ ጠየቅሁ። አናጢ ነው፤ የእንጨት ብናኙን እንኳ ሳያራግፍ መጣና ጎኔ ተቀመጠ። ሁሉንም ከጠዋቱ ጀምሬ ተናገርሁ፤ የአንገቱን ሙቀት፣ ውኃ እንቢ ማለቱን፣ ለእትዬ ሰብለ መናገሬን፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት ማለቴን።

ሳጅኗ ብዕሯን አስቀምጣ «ቆይ፣ ልጁን ሐኪም አላየውም?» አለች።

«አባትየው ቤት ይረፍ ብሎ ወሰደው።»

«ታዲያ በማንኪያ መወጋቱን ማን አወቀ?»

ይህን ብላ ተነሥታ ስልክ ደወለችና ልጁ ተመርምሮ የሐኪም ማስረጃ እንዲቀርብ ለገነት ነገረቻት። ከዚያ ማስረጃው እስኪመጣ እዚያው እንደማድር ነገረችኝ። አልተከራከርኋትም።

ሲመሻሽ የይስማው ስልክ ጠራ። እናቴ ናት። እናቴ ፌስቡክ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ግን የጎረቤት ልጅ ፎቶዬን አሳይቷታል። ከላይ «ሕፃን የምታሠቃይ አውሬ» የሚል ተጽፎበታል። ማርቆስ ላይ የተነሣሁት ፎቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደምበጫ ደርሷል።

«ልጄ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ እማ።»

«በቃ፣ አይደለም» አለች። ለሌላ ሰው እንደምትናገር ያህል ነው፤ አጠገቧ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ መሰለኝ።

ከሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። መልሴንም ሰማች።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ጠሩኝ። ገነት ሳጅኗ ቢሮ ቆማለች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች፤ ዓይኗ አብጧል። የመጀመሪያው ሐሳቤ ልጁ ሞተ የሚል ነበር። ግድግዳውን ያዝሁ።

«ደህና ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ሐኪም ቤት ተኝቷል። መድኃኒት ተጀምሮለታል።»

«ይንገሩን» አለች ሳጅኗ።

ገነት እኔን ሳታይ ነገረችን። ሌሊቱን ልጁ በትኩሳት ነድዶ አደረ። ደሳለኝ «ይነጋል፣ ይተወዋል» ቢላትም ገና ጎህ ሲቀድ ባሏን ትታ ልጁን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ የልጁን አፍ ከፍቶ በባትሪ አየና «እንጥሉን ማን ቆረጠው?» አላት። ጉሮሮው ቆስሎ መግል ይዟል። የማንኪያ ነገር አይደለም፤ በስለት የተቆረጠ ነው፤ ደግሞም ቀናት የቆየ ቁስል ነው።

«ወደ ባሌ ደወልሁ» አለች። «መጣ። ፊቱን ሳይ አወቅሁት። ቅዳሜ አገር ቤት ሲወስደው ቤተሰቦቹ ‹ሳሉ እኮ እንጥሉ ወርዶ ነው› ብለውት አስቆርጦታል። እኔ እንቢ ብዬ ነበር፤ ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። እንዳላውቅ ብሎ ነው ዝም ያለው። ደሙን ሲያይም ያውቅ ነበር።»

ከሳጅኗ ቀድሜ እኔ ተናገርሁ።

«እርስዎ አላወቁም። እሺ። ግን ልጁ አፉ እየደማ ባለቤትዎ ቤት ይረፍ ሲሉ ለምን ተከተሏቸው?»

«ሁሉም አንቺ ነሽ ሲሉ... አንቺን ብቻ ነበር የማየው» አለች።

ንዴቴ መልክ የያዘው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የተበደልሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሁሉም እኔን ሲያይ ልጁን ያየው የለም። አንድ ሰው «ስለናት፣ ምን አየሽ?» ቢለኝ ኖሮ ጠዋት ትኩሳት እንደነበረው፣ አገር ቤት ቆይቶ እንደመጣ፣ ውኃ እንኳ መዋጥ እንዳቃተው እነግረው ነበር። ናቲ ያን ሌሊት ሐኪም ቤት ያድር ነበር። የእኔን አፍ ሲዘጉ የልጁንም አፍ ሳይከፍቱት አደሩ።

ያኑ ዕለት ተለቀቅሁ። ወንድሜ ቤት ያደረችውን ልጄን ለማምጣት ትምህርት ቤት ስሄድ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ልጆቹ «እናትሽ ልጅ ታደማለች» ብለዋታል። እውነቱን ነገርኋት። «ታዲያ ለእነሱም ንገሪያቸው» አለችኝ፤ ለእሷ ቀላል ነው።

ደሳለኝ በሳምንቱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ቄስ። ደሳለኝ ከኋላቸው አቀርቅሮ ቆሟል። ቄሱ ስለ ይቅርታ ብዙ አስተማሩኝ። አልተቃወምሁም።

«አባቴ፣ ይቅር እላለሁ» አልኋቸው። «ግን አቶ ደሳለኝ የሰደቡኝ አደባባይ ላይ ነው። እኔ ዘንድ ጓዳ ገብተው አጠፋሁ ቢሉ ማን ይሰማል? ‹ደህና ልጅ ነው ያስረከብኋት› ያሉበት በር ላይ ይቁሙና ሐሰት ነበር ይበሉ። ያኔ እግሬ ላይ እንዳይወድቁ የምከለክላቸው እኔ ነኝ።»

ደሳለኝ ቀና ብሎ «የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ እኮ፣ ስለናት። ስሜ አለ» አለኝ።

«እኔስ ስም የለኝም?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አንቺ ልጅ፣ ነገር አታክርሪ» አለኝ። ቡናም ጠላም ሳይቀምሱ፣ ተቀይመው ወጡ። በሠፈሩ «ሽማግሌ የመለሰች» ተባልሁ። የዋሸው ሰው ሽማግሌ ልኮ ጨዋ ሆነ፣ የተዋሸባት እኔ ግትር ሆንሁ። ይህንንም አብሬ ዋጥሁት።

ባሏ ያልደፈረውን ገነት አደረገችው። አንድ ቀን ደውላ «በመውጫ ሰዓት ማቆያው በር ላይ ነይ» አለችኝ። ሄድሁ። ወላጆቹ በተሰበሰቡበት ልጇን አቅፋ ቆመችና «ናቲን ስለናት አልነካችውም። እንጥሉን ያስቆረጠው አባቱ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱት ስትለን አልሰማናትም። የሰደብናት በሐሰት ነው» አለች። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም። ናቲ ወደ እኔ እጁን ዘርግቶ «ናት» አለ።

«በማንኪያ ወግታው ነው» ያለችው ሴት «እኛ ምን እናውቃለን፣ የሰማነውን ነው» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች። ፎቶ ያነሣኝ ሰውዬ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ያን ቀን የሚቀረጽ ነገር አልታየውም።

እትዬ ሰብለ ቢሯቸው አስገቡኝና «በቃ፣ አለፈ። ነገ ሥራሽን ጀምሪ» አሉኝ።

«ነገ ሌላ ወላጅ ቢከሰኝስ?»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ።»

«እሱማ ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር። እኔ የጠየቅሁት እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ ነው።»

ወረቀቶቻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሥራ ያስፈልገኝ ነበር፤ ልጅ አለኝ። ግን ተነሥቼ ወጣሁ።

ይህን የምታነቡ እናትና አባቶች፣ ልጅ ተጎዳ ሲባል ዝም በሉ የምል እንዳይመስላችሁ። ልጅ የሚደበድቡ ሞግዚቶች አሉ፤ ባገኛቸው በእጄ ይዤ ለፖሊስ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ክሰሱ። ጠይቁ። ሠራተኛዋ ነገሩ እስኪጣራ ከልጆች ትራቅ ብትሉም አልቃወምም። ግን መጀመሪያ ልጁን ሐኪም አሳዩት። ከዚያ እሷን ስሟት፤ ብቻዋን ከብባችሁ ሳይሆን የምታምነው ሰው አጠገቧ ሆኖ። ፎቶዋን ደግሞ ተዉት። የእኔን ያጋሩትን ሰዎች ስም አላውቅም፤ እነሱ ግን መልኬን ያውቁታል። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ትኩር ብሎ የሚያየኝ ሰው አለ። እውነቱን የት ሄጄ ለማን ላጋራው?

አሁን ሌላ ማቆያ እሠራለሁ። ስቀጠር «ሰው ቢከሰኝ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ኃላፊዋ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ታሪኬንና አሁን ለእናንተ ያልሁትን ነገርኋት። አስባበት በማግሥቱ ጠራችኝ፤ ያልሁትን ሁሉ ከሠራተኞች ጋር ተስማምተንበት ሥራ ጀመርሁ።

በቅርቡ እዚያ አንድ ሕፃን ግንባሩ አብጦ ተገኘ። እናቱ ጮኸች፤ ልክ ናት። ኃላፊዋ መጀመሪያ ልጁንና እናቱን ሐኪም ቤት ላከች። ከዚያ ሕፃኑን የምትይዘውን ሞግዚት፣ ትዕግሥትን፣ ቢሮ አስገባቻት። ትዕግሥት አጠገቧ እንድቀመጥ ፈለገች፤ ተቀመጥሁ።

«ምን ሆነ?» አለቻት ኃላፊዋ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ጠበቀች።

ትዕግሥት ጣቶቿን እያፍተለተለች «ስልክ አናገርሁ። ዞር ስል ከወንበሩ ላይ ወደቀ። የእኔ ጥፋት ነው» አለች። ጥፋቷ ነበር። ተቀጣች፤ እናቱንም ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቀች። ማንም አልሰደባት፣ ማንም ፎቶ አላነሣት። እውነቱን ተናገረች፣ ምክንያቱም ተጠየቀች።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ለትዕግሥት አይደለም። ከንዴት ነው። አንዲት ሴት በር ዘግታ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቃ፣ መልሱን ሰማች። በቃ ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር።